እንዴት ይሠራል? 200 ፈረስ በ17 ሊትር

ሱፐርባይክ የሚባለውን ፈጣን ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ሰው ሁለት ቁጥር ያስቀድማል፤ የፈረስ ጉልበቱንና ከፍተኛ ፍጥነቱን። ሦስተኛው ቁጥር፣ አንድ ሰልባትዮ ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል የሚለው፣ ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነው የሚገኘው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጻፍም። የዛሬው ጨዋታችን በዚያ በተረሳው ቁጥር ላይ ነው። ሁለቱን ታላላቅ ቁጥሮች የሚያስረዳን እሱ ስለሆነ።

ቢኤምደብሊው ኤስ1000አርአርን እንውሰድ። 999 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሞዴል 207 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ ነዳጁን ጨምሮ 197 ኪሎ ነው። ሰልባትዮው 16.5 ሊትር ይይዛል። ፋብሪካው ራሱ በመደበኛው መለኪያ 100 ኪሎ ሜትር በ6.4 ሊትር ይሄዳል ይላል። ሲካፈል 258 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የመጠባበቂያው መብራት 4 ሊትር ያህል ሲቀር ስለሚበራ ግን ነጂው 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ማደያ በዓይኑ መፈለግ ይጀምራል። ያማሃ አር1 17 ሊትር ይይዛል፣ የ2020ው ሆንዳ ፋየርብሌድ 16.1፣ ዱካቲ ፓኒጋሌ ቪ4 መጀመሪያ ሲወጣ 16። ሁሉም አንድ ሰፈር ናቸው።

አምስት ሰው የሚጭን ሆኖ ከ6.4 ሊትር ያነሰ የሚጠጣ ትንሽ የቤት መኪና ሞልቷል። ታዲያ 200 ኪሎ የማይሞላ፣ አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠበት ነገር ምን ሆኖ ነው ይህን ያህል የሚጠማው? ከተጠማስ ለምን ትልቅ ሰልባትዮ አይሠሩለትም?

መጀመሪያ አንድ የሚገርም ቁጥር እናስቀምጥ። ይህ ሞተር ሳይክል በሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳይፈጥንም ሳይቀንስም ሲሄድ የሚፈልገው ጉልበት 10 ፈረስ ገደማ ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ወደ ኋላ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አየሩና የጎማው መንከባለል። ነጂውና ሞተር ሳይክሉ አንድ ላይ 280 ኪሎ ቢመዝኑ ጎማው 40 ኒውተን ያህል ይይዛል፤ አየሩ፣ እንደ ነጂው አቀማመጥ፣ ከ160 እስከ 200 ኒውተን። ይህ በፍጥነቱ ሲባዛ፣ ሰንሰለቱና ካምቢዮው የሚበሉት ሲጨመርበት፣ 10 ፈረስ ይሆናል። በየሰፈሩ የምናያት ባጃጅ ሞተርም የምትሰጠው ጉልበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባለ 207ቱ ፈረስ በ100 ላይ የሚሠራው የባጃጅ ሥራ ነው ማለት ነው። የቀሩት 197 ፈረሶች በረት ውስጥ ቆመዋል። የቆመ ፈረስ ደግሞ ሥራ አልሠራሁም ብሎ ድርቆሽ አይተውም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፈረሶቹ ለምን ተቀጠሩ? ለአየር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚይዝበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። የጎማው ድርሻ እንደ አየሩ ስለማይንር፣ ነጂውም እየፈጠነ ሲሄድ ደረቱን ሰልባትዮው ላይ ስለሚያስተኛ፣ በተግባር ጭማሪው ትንሽ ይለዝባል። በ200 ላይ 60 ፈረስ ገደማ ይበቃል። በ300 ላይ ግን ወደ 190 ይደርሳል። የመጨረሻዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች ከመጀመሪያዎቹ 200 ሁለት እጥፍ በላይ ያስከፍላሉ ማለት ነው። አንድ ሱፐርባይክ 200 ፈረስ አለው ሲባል 300 ይነካል ማለት እንደሆነ ከዚህ ይገባናል። የሱዙኪ ሃያቡሳ በ1999 ከ300 በላይ ሲሮጥ የአውሮፓ መንግሥታት ሊያግዱ ነው የሚል ወሬ በረታ፤ ፋብሪካዎቹም በሽማግሌ ወግ ተስማምተው ፍጥነቱን 299 ላይ በኤሌክትሮኒክስ ማሰር ጀመሩ። ፍጥነት መለኪያው ላይ 299 ሲደርስ የሚቆመው ጉልበት አልቆበት ሳይሆን ታስሮ ነው።

አሁን ሞተሩን እንክፈተው። ቱርቦ የሌለው 1000 ሲሲ ሞተር አንድ ጊዜ ሲዞር ሊያስገባ የሚችለው አየር ውስን ነው፤ ስለዚህ የማዞር ኃይሉ፣ ቶርክ የሚሉት፣ ጣሪያ አለው። ያማሃ አር1 112.4 ኒውተን ሜትር፣ ኤስ1000አርአር 113፣ ፋየርብሌድ 113። ሦስት ፋብሪካ፣ ሦስት መሐንዲስ ቡድን፣ አንድ ቁጥር። ጣሪያው ካልተነሳ ጉልበት የሚጨመርበት አንድ በር ብቻ ይቀራል፤ ቶሎ ቶሎ ማዞር። ጉልበት ማለት ቶርክ በዙር ሲባዛ ነውና፣ 100 ኒውተን ሜትር በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ 71 ፈረስ ይሰጣል። ያው 100 ኒውተን ሜትር በ14,000 ዙር ላይ 199 ፈረስ ይሆናል። የሱፐርባይክ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ሌላ አስማት የለውም።

14,000 ዙር ግን ለአፍ ይቀላል። የ2020ው ፋየርብሌድ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በ14,500 ላይ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ፒስተን በሰከንድ 480 ጊዜ ያህል ይቆምና ወደ መጣበት ይመለሳል። ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ግራም ከ5 ኪሎ በላይ ሆኖ ይከብደዋል፤ ያንን ይዞ የሚመልሰው ፒስተኑን ከሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ነው። ሆንዳ ቢዬላውን ከቲታኒየም የሠራው ለጌጥ አይደለም፤ ብረቱ ሲከብድ ራሱን ይበጥሳልና። ፒስተኑ ረጅም መንገድ እንዳይሄድም ሲሊንደሩን ሰፊና አጭር አደረጉት፤ ስፋቱ 81 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ ግን 48.5 ብቻ። ጣሳ ሳይሆን ድስት የሚመስል ሲሊንደር ነው። በስፋቱ ላይ ትላልቅ ቫልቮች ይተከላሉ፤ በሴኮንድ ሽራፊ ውስጥ ብዙ አየር ማስገባትና ማስወጣት ስላለባቸው የሚወጣው ጭስና የሚገባው አየር በሮች ለጥቂት ጊዜ አብረው ተከፍተው ይቆያሉ። በ13,000 ዙር ላይ ይህ መደራረብ ያግዛል፤ ወጪው ጭስ በፍጥነቱ ገቢውን አየር ይስበዋል።

ይኸው ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር፣ በስድስተኛ ማርሽ፣ 4,000 ዙር አካባቢ ላይ ሲሆን ግን ለሌላ ሥራ የተሠራ መሆኑ ያሳብቃል። ያ ሰፊ ድስት ለእሳት አይመችም፤ ከመካከል የተነሣው ነበልባል ጠርዝ እስኪደርስ ርቀቱ ረጅም ነው፣ ዙሪያው ያለው ብረትም ሙቀቱን ይጠጣል። አብረው የሚከፈቱት ቫልቮች አሁን ጥቅማቸው ቀርቶ ጉዳታቸው ይታያል፤ የተቃጠለው ጭስ ተመልሶ ከአዲሱ አየር ጋር ይቀላቀላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ 10 ፈረስ ብቻ ስለተፈለገ የአየር መግቢያው ክዳን ሊዘጋ ምንም አልቀረው። አራት ሰፋፊ ፒስተኖች በተዘጋ በር ቀዳዳ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ ትግሉ ራሱ ነዳጅ ይበላል። የፒስተን ቀለበቱ፣ የሻፍቱ፣ የቫልቭ ምንጮቹ ሰበቃ አለ፤ ይህ ሰበቃ ጥቂት ፈረስ ተፈለገ ብዙ፣ በ4,000 ዙር ላይ ያው ነው ማለት ይቻላል። የቆሙት ፈረሶች ድርቆሽ ማለት ይህ ነው።

ምን ያህል ይበላሉ? አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ይዟል። 10 ፈረስ ደግሞ 7.4 ኪሎዋት ነው። ምንም ባይባክን ኖሮ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከአንድ ሊትር በታች ይበቃ ነበር! ጥሩ የቤንዚን ሞተር በሚመቸው ቦታ ላይ ከሙቀቱ ሲሶውን ወደ ሥራ ይለውጣል፤ በዚያ ሒሳብ 2.5 ሊትር ገደማ። ሱፐርባይኩ በዚሁ ፍጥነት ከ5 ሊትር በላይ ከጠጣ፣ ወደ ሥራ የተለወጠው 15 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው ማለት ነው። ቢኤምደብሊው ችግሩን አይቶ በ2019ኙ ሞተር ላይ ለመግቢያ ቫልቮቹ ሁለት ዓይነት ካም፣ ማለትም ቫልቩን ገፍቶ የሚከፍት ጉብታ፣ አደረገ፤ አንዱ ለዝግታ፣ ሌላው ከ9,000 ዙር በላይ ሲኬድ የሚገባ። ረዳ፤ ግን ድስቱን ጣሳ አላደረገውም።

ጣሳውን ማየት የፈለገ እዚያው ሆንዳ ቤት ኤንሲ750ኤክስ የሚባለውን ይመልከት። 745 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 80። ጉልበቱ 60 ፈረስ አይሞላም። በዝግታ ይዞራል፤ እንደ ሱፐርባይክ አይጮህም፤ ወጣቶች ዞረውም አያዩትም። ሆንዳ ለእሱ የሚሰጠው ቁጥር ግን በአንድ ሊትር 28 ኪሎ ሜትር ነው። 14.1 ሊትር የሚይዘው ሰልባትዮ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል። ከኤስ1000አርአር በ2.4 ሊትር አንሶ በ140 ኪሎ ሜትር ይበልጠዋል። በ100 ላይ ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው።

ሰልባትዮው ለምን አያድግም ወደሚለው ጥያቄ እንለፍ። በአር1 ላይ ሰልባትዮ ከሚመስለው ጉብታ ፊት ለፊት ያለውን ሽፋን ቢፈቱት ሥሩ ቤንዚን አያገኙም። አየር የሚከማችበትና የሚጣራበት ሣጥን ነው ያለው። ሞተሩ በ14,000 ዙር ላይ በደቂቃ 7,000 ሊትር አየር ይስባል፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከአንድ በርሜል በላይ መሆኑ ነው። ይህን ሳይታፈን ለመሳብ ትልቅ ሣጥን፣ ያውም በቀጥታ ከሲሊንደሮቹ በላይ ተቀምጦ፣ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቤንዚኑ ወደ ኋላ፣ ወደ ነጂው ጉልበትና ከመቀመጫው ሥር ተገፋ። ይህ በሌላ በኩል ተፈላጊ ነው። 17 ሊትር ቤንዚን 12.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ከፍ ብሎ ፊት ላይ ቢቀመጥ መታጠፊያ ላይ ሲጋደም ይሰማል፤ ሲያልቅም ሞተር ሳይክሉ ጠባዩ ይለወጣል። መሐል ላይና ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ሞላም ጎደለም ያው ነው። የሚያስቀው ኤንሲ750ኤክስም በሰልባትዮው ቦታ ቤንዚን የለውም፤ የእሱም ሰልባትዮ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ክዳን ሲከፍቱት ግን ሄልሜት የሚያስገባ ሣጥን ነው የሚያገኙት። አንዱ ባዶውን ቦታ ለሣምባው ሰጠው፣ ሌላው ለዕቃ።

እነዚህ ቁጥሮች የመንገድ ላይ ናቸው፤ ፈረሶቹ ሁሉ ከበረት ሲወጡስ? ለዚህ ከማን ደሴት የተሻለ ምስክር የለም። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው በዚህች ደሴት በየዓመቱ የሚካሄደው የቲቲ የሞተር ሳይክል ውድድር በሌላ ጊዜ ሰው ወተት ሊገዛ በሚወጣበት የሕዝብ መንገድ ላይ ነው የሚሮጠው። አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየመንደሩ፣ በየድንጋይ አጥሩ ሥር፣ በተራራው ወገብ። በ2023 ፒተር ሂክማን በቢኤምደብሊው ኤም1000አርአር ይህን ዙር በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ጨርሶታል፤ አማካዩ 219 ኪሎ ሜትር በሰዓት። የሱፐርባይኮቹ ሙሉ ውድድር 6 ዙር ነው፣ የሚፈቀደው ሰልባትዮ 24 ሊትር። ተወዳዳሪዎቹ በየሁለት ዙሩ ይቆማሉ፤ ከላይ ከተሰቀለ ጋን በራሱ ክብደት የሚወርድ ነዳጅ ሲሞላላቸው ሌላው የኋላ ጎማ ይቀይራል።

ከዚህ ብቻ ፍጆታውን መገመት ይቻላል። 24 ሊትር ሁለት ዙር፣ ማለትም 121 ኪሎ ሜትር፣ ያደርሳል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ቢበዛ 20 ሊትር። ሦስት ዙር፣ 182 ኪሎ ሜትር፣ አስተማማኝ ሆኖ ቢያደርስ ኖሮ አንድ ማቆሚያ ይበቃ ነበር፤ ጊዜ በሰከንድ በሚቆጠርበት ቦታ ሁለቴ የሚቆም ሞኝ የለም። ስለዚህ ከ13 በላይ ነው። እዚህ መሐል የሆነ ቦታ ነው፤ የመንገዱን እጥፍ ይጠጣል፣ ምናልባትም ሦስት እጥፍ። ለዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮና ከ2025 ጀምሮ የወጣው ደንብ ደግሞ ሌላ መስኮት ይከፍትልናል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ በሰዓት ከ47 ኪሎ እንዳይበልጥ በመለኪያ ይቆጣጠራሉ። በሊትር ሲመነዘር 63 ገደማ ነው። በዚህ ፍሰት 16.5 ሊትር በሩብ ሰዓት ያልቃል።

አስተውሉ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ አባካኝ አይደለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቫልቮቹ በሚወዱት ዙር ላይ ናቸው፣ ከሙቀቱ ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ ከቅድሙ እጥፍ ያህል ነው። የሚጠጣው የሚገፋው አየር ብዙ ስለሆነ ነው። አባካኝ የሚሆነው ስናዝናናው ነው።

በመንገድ ላይ እነዚህን ፈረሶች የሚጠቀምባቸው ሰው አለ? በእኔ ግምት እንደ ጀርመን አውቶባን የፍጥነት ወሰን ከሌለበት መንገድ ውጭ በሕጋዊ መንገድ ማንም የለም፤ እዚያም ለደቂቃዎች ብቻ። የሚከለክለው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ አይደለም፣ የተፈጥሮ ሕግም ነው። ሱፐርባይክ አጭርና ከፍ ያለ ስለሆነ በጣም ሲገፋ የፊት ጎማው ይነሣል። ጎማው የሚነሣበት ወሰን በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ የሚደረሰው 100 ፈረስ ያህል ሲሰጥ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ላይ ይሄዳል። ያማሃ በ2015 አር1 ላይ በስድስት አቅጣጫ እንቅስቃሴን የሚለካ መሣሪያ ከገጠመ ወዲህ ኮምፒውተሩ ይህን እያየ ጉልበቱን ይቆርጣል፤ እጀታውን ማዞር ዛሬ ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ልመና ሆኗል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ማርሽ ብቻውን ከ150 በላይ ይሮጣል። የፍጥነት ወሰኑ 120 በሆነበት አገር ሁለተኛ ማርሽ መንካት ሕግ ለማክበር አያስፈልግም፤ ጆሮ ለማሳረፍና ቤንዚን ለመቆጠብ ካልሆነ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሒሳቡ በሚገርም መንገድ ይዞራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲቀንስ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑንም ስለሚቀንስ፣ 200 ፈረሱ ወደ 160 ይወርዳል። አሳዛኝ ይመስላል። ነገር ግን ፊት ለፊት የሚገፋው አየርም በዚያው መጠን ሳስቷል! ስለዚህ ከፍተኛው ፍጥነት ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከቆመበት ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ነው። በዝግታ ጉዞ ላይማ የሳሳው አየር ውለታ ይውላል፤ ያችኑ 10 ፈረስ ለማግኘት በሩ ትንሽ ሰፋ ብሎ መከፈት ስላለበት ፒስተኖቹ የሚታገሉት ትግል ይቀንሳል። በደጋ ላይ በቀስታ የሚነዳ ሱፐርባይክ ከቆላው ወንድሙ በጥቂቱ ቢቆጥብ አይግረማችሁ።

የቀረው ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው «የቀረዎት ርቀት» የሚለው ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ሰልባትዮው ውስጥ ያለውን የሚለካ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው የቀረውን ሊትር ግምት በቅርብ ኪሎ ሜትሮች ፍጆታ ማካፈል ነው። በ200 እየተሮጠ መብራቱ ቢበራ፣ ፍጆታው በመቶ 10 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ 4ቱን ሊትር አካፍሎ 40 ኪሎ ሜትር ይላል። ነጂው ደንግጦ ወደ 90 ሲያወርድ የሚቀጥለው ማደያ 60 ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ በታፔላ ያያል። ሒሳቡ ግን ተለውጧል፤ በዚህ ፍጥነት በመቶ 5 ሊትር ይበቃዋል፣ 4ቱ ሊትር 80 ኪሎ ሜትር ያደርሱታል። ቁጥሩም ከ40 ወደ 45፣ ወደ 50 እያለ፣ እየሄደ ሲጨምር ይታያል። ስድስተኛ ማርሽ ላይ አድርጎ፣ ከመስታወቱ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ማርሽና ፍሬን ሳይነካካ ከቀጠለ ማደያው ላይ አንድ ሊትር ይተርፈዋል።